መከታ የታመመበት ክረምት

ባለፈው ፍልሰታ ሲፈታ የዋልነው እህቴ የሻረግ ቤት ነበር። ዝናቡ ከቀትር በፊት ወርዶ አባርቷል፤ ግቢው ውስጥ ከተወጠረው ሸራ ዙሪያ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ከሸራው ሥር የተጣደው ብረት ድስት ይንተከተካል። እንግዳው ከሁለት ሳምንት ጾም በኋላ እንደሚበላ ሰው ነበር የበላው። የባሏ ወንድም ደሴ፣ ከሐሙሲት በጠዋት የገባው፣ በወጥ የራሰ እንጀራ ጠቅልሎ ትልቅ ጉርሻ ሠራና ከአግዳሚው ሥር ወደተኛው ውሻ ዞረ።

«ና በል፣ አንተም ፍታ!» አለው።

«ተው!»

የጮኸችው የሻረግ ናት። ጭልፋዋን እንደያዘች ነበር የቆመችው። የሁሉም አፍ ማኘኩን አቆመ።

«እንዴ! ምን አረግሁ?» አለ ደሴ፣ እጁ አየር ላይ እንደቀረ።

«ለውሻው አትስጠው።»

«ጉርሻ እኮ ነው።»

«ወጥ ነው። ሽንኩርት አለበት።»

ደሴ አብሮት የሚስቅ ሰው ፍለጋ ዙሪያውን አየ። «ሽንኩርት የማይበላ ውሻ! ምንድን ነው፣ ባሕታዊ ነው?»

እንግዳው ሁሉ ሳቀ። የእህቴ ባልም ሳቀ። የሻረግ ግን አልሳቀችም። ከድስቱ በላይ ዓይን ለዓይን ተጋጨን፤ ወዲያው ጎንበስ አለችና እሳቱን መቆስቆስ ጀመረች። እሳቱ መቆስቆስ አያስፈልገውም ነበር። እኔ ምን እንደታያት አውቃለሁ፤ እዚያ ከነበረው ሰው መካከል የማውቀውም እኔ ብቻ ነበርሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ነገሩ በሆነበት ክረምት፣ ፈተና ተፈትኜ ውጤት እጠብቅ ነበር። ደብረ ታቦር በነሐሴ የምትታወቅ ከተማ ናት፤ ጠዋት ከጉና የሚወርደው ጉም ቤቱን ሁሉ ይውጠዋል፤ ከቀትር በኋላ ዝናብ ነው፤ በመካከሏ በምትገኘው ትንሽ ብርሃን ሰው ልብሱን ያሰጣል፣ እንጨቱን ይገለብጣል፣ ጎረቤቱን ያያል። እኔ ጎረቤት የማይ ዓይነት ነበርሁ። ሥራ የለኝም፤ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ባገኘሁት ብጣሽ ወረቀት ላይ ግጥም እሞነጫጭራለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም። ሰው አንድ ነገር ሲናገር ፊቱ ሌላ እንደሚናገር ግን ቀድሞ ገብቶኝ ነበር፤ ስለዚህ ማንንም አላምንም። እናቴ «ይሄ ልጅ ፈገግታ እንኳ ሲሰጡት ገልብጦ ከሥሩ ያያል» ትል ነበር።

የያኔው ውሻችን መከታ ይባል ነበር። ዳማ ነው፤ አንድ ጆሮው ድሮ በጠብ ተቀዷል፤ ደረቱ ሰፊ። ሌሊት ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ተማምኖ ይተኛል። ቀን ላይ ግን ጅል ነገር ነው፤ እጅ ያየበት ይሄዳል። ማንም ቢሰጠው ይበላል። የአባቴ ጭንቀትም ይኸው ነበር።

ከግቢያችን የድንጋይ ካብ ማዶ የሚኖሩት ጎረቤታችን ጋሽ ሞላ ናቸው። ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ከወረታ እስከ ወልድያ መንገድ ላይ ፈጅተዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ዶሮ ያረባሉ። ዶሮዎቻቸውን ያድሩባቸው በነበሩ ከተሞች ስም ነበር የሚጠሯቸው። ወረታ የምትባል ገብስማ አለች፤ ጋይንት የሚባል አውራ ዶሮ አለ፤ ከሁሉም የሚወዷት ግን ገሳይ የምትባለውን ነጭ ዶሮ ነበር። ፍልሰታ ሊገባ ሰሞን መከታ ካቡን ዘሎ ገሳይን በላት።

«ገሳይን በላብኝ!» እያሉ ሰፈሩን በጩኸት አናጉት። ማን እንደሞተ ለማየት ሰው ከየቤቱ ወጣ።

አባቴ ነገሩን በሳቅ ሊያልፉት ፈለጉ። «ገሳይ ትልቅ ከተማ ናት ሞላ፣ አንድ ውሻ በልቶ አይጨርሳትም» አሉ።

ያ ሳቅ ባይኖር ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ። ጋሽ ሞላ የተነጨውን ላባ በእጃቸው ጨብጠው፣ «ይሄን ውሻ አንድ ቀን ባላስተኛው ሞላ አይበሉኝ!» አሉ። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴና ጋሽ ሞላ ሰላምታ አቆሙ።

ጾሙ የሚፈታበት ቀን ሲደርስ የሰፈሩ ቅርጫ እኛ ግቢ እንዲሆን ተወሰነ። ቅርጫ ለማያውቅ ሰው፣ ጎረቤቶች ተሰባስበው አንድ በሬ ያርዱና ሥጋውን እኩል መድበው በዕጣ ይካፈላሉ። በእኛ ሰፈር ደግሞ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ከመበተኑ በፊት በአንድ የጋራ ድስት የተሠራ ወጥ ግቢው ውስጥ አብሮ ይበላል። ዓመቱን ሙሉ የተኳረፈ ሁሉ በዚያ ድስት ፊት ይገናኛል።

በዋዜማው እናቴና አባቴ ስለ መከታ ተማከሩ። በዓል ለውሻ ክፉ ቀን ነው። ሰው ሲጠግብ እጁ ይፈታል፤ ያገኘውን ሁሉ ይወረውራል። እናቴ የምትፈራው የተቀቀለ አጥንት ነው፤ ከመከታ በፊት የነበረው ውሻችን ጉሮሮው ላይ ስንጥር ተሰክቶበት ነበር የሞተው። አባቴ የሚፈሩት ግን ሌላ ነው።

«ከማንም እጅ እንዳይበላ» አሉ። «በተለይ ከአንዳንድ ሰው እጅ።»

ስም አልጠሩም፤ ወደ ካቡ ግን አዩ።

በማለዳ መከታን ከማድቤቱ ጀርባ ወስጄ በአጭር ገመድ አሰርሁት። ከእንግዳው ራቀ። አጥንት የሚወረውርለት የለም፤ መርዝ የሚጥልለት የለም። ካቡ ቅርብ መሆኑ ብቻ ነበር የቆረቆረኝ። እንዲያም ሆኖ ልቤ ረጋ። የተጠበቀ ውሻ ነበር።

ቀኑ እንደ ሌላው በዓል ነበር። የባሕር ዛፍ ቅጠል ተነጠፈ፤ ሥጋው ተመደበ፤ እያንዳንዱ ሰው ለዕጣ የሚሆን ምልክቱን ሰጠ፤ አንዱ የቁልፍ ቀለበት፣ አንዱ የአጃ ዘለላ፣ አንዱ ጠጠር። ጋሽ ሞላ ከካፖርታቸው የነቀሉትን ቁልፍ ሰጡ። ድርሻቸውን ተቀብለው «አብራችሁን ብሉ እንጂ» ሲባሉ ጨጓራቸውን ምክንያት አድርገው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ይህንን ልብ አልሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከማድቤቱ ጀርባ፣ ከካቡ በላይ፣ ባርኔጣቸው ብቅ ብላ ስትጠልቅ አየሁ። ይህንንም ልብ አልሁ።

የጋራው ድስት ያን ዓመት ለየሻረግ ተሰጥቷት ነበር። እናቴ ጭልፋውን ስታስረክባት «ዛሬ አንቺ ነሽ» አለቻት፤ ይህ ለአንዲት ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። ከሴቶቹ መካከል እትዬ ዘነቡ ነበሩ፤ ለልጃቸው የሻረግን ሊያጩ እንደሚፈልጉ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። እትዬ ዘነቡ ማድቤቱ በር ላይ ዱካ ስበው ቁጭ ብለው የልጅቷን እጅ ይመለከቱ ነበር። ሽንኩርቱን እናቴና ሴቶቹ ከንጋት ጀምረው ከትፈው ሰፌድ ሙሉ አስረክበዋታል። ቅቤው ከጉና ሥር የመጣ ለጋ ቅቤ ነበር።

ረፋድ ላይ የሚያር ነገር ሸተተኝ። ቆዳውን ከሚወጥሩት ወንዶች አንዱም አፍንጫውን አነሳና «ምን አረረ?» አለ።

«ከዚያ ማዶ ነው» አለች የሻረግ ከማድቤቱ ውስጥ፤ «ከጋሽ ሞላ ቤት።»

ሁሉም አመናት። ብቻውን የሚኖር ወንድ ድስት ቢያሳርር ማን ይጠረጥራል? ወጡም ትንሽ ዘገየ እንጂ ሲመጣ ግሩም ነበር። እትዬ ዘነቡ ቀምሰው ዝም አሉ፤ የእሳቸው ዝምታ ምስጋና ነው።

በማግስቱ መከታ አስመለሰው። ስንፈታው እንደልማዱ አልዘለለም። «ብርዱ ነው» ተባለ። ሌላም ቀን አለፈ፤ ምግብ ተወ። ከዚያ እግሮቹ ከዱት። ትንፋሹ ሮጦ እንደመጣ ውሻ ቶሎ ቶሎ ይላል፤ ግን ተኝቶ ነው። ሽንቱ እንደ ሻይ ቀላ። ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸቱ ጠፍቶ፣ ሰው በበሩ ሲያልፍ ጭራውን ብቻ አንዴ መሬት ላይ ይመታል።

አባቴ አጠገቡ ተንበርክከው ብዙ አዩት። ሲነሱ ፊታቸው ሌላ ፊት ነበር።

«አስተኛዋለሁ አላለም?» አሉ። «ቃሉን ጠበቀ።»

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ቤታችን የጋሽ ሞላን ስም በሹክሹክታ የሚጠራ ቤት ሆነ። ደጃቸው ሲንኳኳ እንሰማለን፤ ሲያስሉ እንሰማለን፤ ማሳላቸውም ጥፋት መሰለን። እናቴ መርዝ ያረክሳል ብላ ወተት ጋተችው። አባቴ ደግሞ የራሳቸው መድኃኒት ነበራቸው። ነጭ ሽንኩርት በሙቀጫ ይወቅጡና በቅቤ ይለውሱታል፤ እኔ መንጋጋውን እይዛለሁ፤ እሳቸው በጣታቸው እስከ ጉሮሮው ይሰዳሉ። ጉንፋን ሲይዘን፣ ሆድ ሲቆርጠን፣ ሁላችንም የዳንንበት መድኃኒት ነው። ጠዋት ጠዋት እንዲያ እናደርጋለን። መከታ ዓይኑን ወደ እኛ ገልብጦ ያያል፤ አይነክስም። መድኃኒቱ በገባ ቁጥር ግን ይብስበት ነበር።

«ሲብስበት ታያለህ?» አሉ አባቴ። «መርዙ ከመድኃኒቱ ጋር እየታገለ ነው። ወይም ደግሞ ሰውዬው እየደጋገመለት ነው።»

የመጨረሻዋ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ገብታ ቀረች። ካቡን መጠበቅ ጀመርሁ። ከማድቤቱ ጥግ፣ በተቆለለው እንጨት ጀርባ ቁጭ ብዬ፣ ወረቀት ይዤ የምጽፍ እየመሰልሁ ዋልሁ። ከመምሸቱ በፊት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከካቡ በላይ እጅ ወጣች። የማውቃት እጅ ናት፤ ዕድሜዋን መሪ ስትይዝ የኖረች፣ ጣቶቿ የደነደኑ። አንድ ነገር ወርውራ ተመለሰች። ሮጬ መከታ ሳይደርስበት አነሳሁት። ጉልበት ኖሮት ወደ እሱ ይሳብ ነበር፤ ለቀናት ምንም ያልፈለገ ውሻ።

የገብስ ቂጣ ነበር። ትኩስ ነው።

አባቴ ቂጣውን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ሰነድ አገላበጡት። አሸተቱት። «በቃ፣ ያዝነው» አሉ። «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የዕድሩ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። እዚያ አስቀምጠዋለሁ። ከቅርጫው ይውጣ። ከዕድሩም ይውጣ። የጎረቤቱን ውሻ የሚገድል ነገ ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል?»

እናቴ «ብቻውን የሚኖር ሰው ከዕድር ወጥቶ ምን ይሆናል?» አለች። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ከዕድር ሲወጣ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሲታመም የሚያየው የለም፤ ሲሞት የሚያነሳው የለም።

እኔ ግን ቂጣውንም አላመንሁም፤ ቂጣውን ያላመኑትንም አላመንሁም። ግማሹን ቆርሼ ደበቅሁና በማግስቱ ማለዳ በካቡ ላይ መልሼ ለጋሽ ሞላ ዶሮዎች ወረወርሁት። ወረታ ቀድማ ደረሰች፤ እየተንጠራራች ለቀመችው። ቀኑን ሙሉ በካቡ ስንጥቅ አየኋት። ጫረች፤ ጭቃ ውስጥ ተንከባለለች፤ ማታ ከሌሎቹ ጋር ቆጥ ላይ ወጣች። ነግቶም እንቁላል ጥላ ዓለሙን ሁሉ በጩኸት አስታወቀች።

ቂጣው ንጹሕ ነበር። እንግዲህ መከታን የሚገድለው ከካቡ ማዶ ካልመጣ ከካቡ ወዲህ ነው። እኛ መካከል ነው። በዚያን ቀን ምሳ ላይ ሁሉንም በዓይኔ ዞርኋቸው፤ አባቴን፣ እናቴን፣ የሻረግን። የሻረግ እንጀራዋን ትቆርሳለች፤ አታጎርስም፤ አትጎርስም።

የእንስሳት ክሊኒክ እንውሰደው ያልሁት እኔ ነኝ። አባቴ እሺ ያሉት ለምስክርነት ይጠቅመናል ብለው ነው። መከታን በጆንያ ጠቅልለን ባጃጅ አስቆምን።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ባለባጃጁ።

«ታማሚ» አለች የሻረግ።

«ታማሚ ጭራ አለው እንዴ? … ይሁን ግቡ፤ ከአንዳንድ ተሳፋሪ ይሻላል።»

የሻረግ የመከታን ራስ ጭኗ ላይ ይዛ ሄደች። ሐኪሟ ወጣት ናት። የመከታን ከንፈር ገልጣ ድዱን አሳየችን። ቀይ መሆን የነበረበት ድድ እንደ ጥጥ ነጥቷል።

«አባባ፣ ምን በላ?» አለች።

«መርዝ። ያበላውንም አውቀዋለሁ።»

«ያበላውን አልጠየቅሁም። ምን በላ ነው ያልሁት።»

ሐኪሟ ሰው ለውሻ የሚጥለው መርዝ እንዲህ ቀን አይሰጥም፤ ወዲያው አንቀጥቅጦ ይገድላል አለች። «የዚህ ደሙ እየፈረሰ ነው። ሽንኩርት በብዛት የበላ ውሻ እንዲህ ይሆናል። ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ ወጥ ውስጥም ይሁን። ደግሞ ያኔውኑ አይታወቅም፤ ቀን ቆይቶ ነው የሚጥለው። ሽንኩርት ሰጥታችሁት ታውቃላችሁ?»

«ሽንኩርት? ሁላችን የምንበላውን?»

«እናንተ ውሻ አይደላችሁም አባባ። ከታመመ ወዲህስ ምን እየሰጣችሁት ነው?»

አባቴ በዚህስ ኮሩ። «እኔ ራሴ አክሜዋለሁ። ነጭ ሽንኩርት፣ በቅቤ፣ ጠዋት ጠዋት።»

ሐኪሟ እጇን ከመከታ ላይ አንስታ አባቴን አየቻቸው። አልተቆጣችም። «ነጩማ ይብሳል» አለች ቀስ ብላ። «ዛሬውኑ አቁሙ።»

አባቴ ሁለት እጃቸውን አይተው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቷቸው። ሐኪሟ ቀጠለች፤ ነጭ ሽንኩርቱ የመጣው ከታመመ በኋላ ነው፣ መጀመሪያ የጣለው ሌላ ነገር አለ፣ ብዙ የበላው ነገር፣ በዓሉ ቀን አካባቢ።

«ታስሮ ነው የዋለው» አሉ አባቴ። «አጥንት እንኳ አልቀመሰም።»

እኔ በዚህ ጊዜ የማየው የሻረግን ነበር። የመከታን የተቀደደ ጆሮ በጣቶቿ መካከል ይዛ ታሻለች፤ ታሻለች፤ አታቋርጥም። የሐኪሟ ንግግር ያልገረማት እሷን ብቻ ነበር።

መርፌ ተወጋ፤ የሚዋጥ ተሰጠን፤ «ዕድል ነው» ተባልን፤ ተመለስን። አባቴ ግን ከጥርጣሬያቸው አልወጡም። ነጭ ሽንኩርቱን ተቀበሉ፤ መጀመሪያውን ግን «ያው እሱ ነው፤ በሽንኩርትም ቢሆን እሱ ነው» አሉ። የሰው ልብ አንዴ የያዘውን ጠላት እንዲሁ አይለቅም፤ ማስረጃው ሲቀየር ወንጀሉን ይቀይርለታል እንጂ።

የሻረግን ማድቤት ውስጥ አገኘኋት።

«የበዓሉ ቀን ያንን ብረት ድስት በአመድ ለምን ስታሺው ዋልሽ?» አልኋት።

«ድስት አይታጠብም?»

«ሌላው ዕቃ እስከ ማግስቱ ቆሽሾ አድሯል።»

«አንተ ልጅ፣ ወይ ፖሊስ ሁን ወይ ግጥም ጻፍ፤ አንዱን ያዝ።»

«ሽንኩርትስ ሁለተኛ ስትከትፊ አይቻለሁ፤ ለምን? ሰፌድ ሙሉ ነበር የሰጡሽ።»

ሙቀጫው ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ነገሩ ይህ ነበር። ቁሌቱ ላይ ቅቤውን ጨምራ እያማሰለች ሳለ እትዬ ዘነቡ ከበሩ ውሃ ጠየቋት። ንጹሕ ብርጭቆ ፍለጋ ወደ ቤት ገባች፤ ብርጭቆውን አጥባ፣ አድርቃ፣ በሳህን አድርጋ እስክትመለስ ቁሌቱ ከሥሩ ጠቁሯል። ያን ሁሉ ሽንኩርት፣ ያን ሁሉ ቅቤ፣ በመጀመሪያው ቀኗ፣ በእኚያ ሴት ፊት። እትዬ ዘነቡ ድርሻቸውን ሊቀበሉ በተነሱባት ቅጽበት ድስቱን ይዛ በጓሮ በር ወጣች። የት ትድፋው? ደጅ ብትደፋው ይታያል። መከታ እዚያው ታስሯል።

«ቅቤ ስላለበት ደስ ይለዋል ብዬ» አለች ከነጠላዋ ሥር። «አንተም ፍታ ብዬው ነበር። ልሶ ጨረሰው። ጭራውን እየቆላ።»

«ማንም አላየሽም?»

«ጋሽ ሞላ አይተውኛል። ካቡ ላይ ነበሩ። ድስቱን ገልብጬ ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተያየን። ባርኔጣቸውን ነካ አደረጉና ወረዱ።»

እኔ በክፉ የጠረጠርኋት ባርኔጣ!

«አውቀው ነው ታዲያ እስካሁን ዝም ያሉት? አባዬ እሁድ ከዕድር ሊያስወጧቸው ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«እትዬ ዘነቡ ይሰማሉ» አለች፤ ከዚያ በኋላ አለቀሰች። ከዚህ በላይ አልተናገርኋትም። ጠርጥሬ ያገኘሁት እውነት እጄ ላይ ከብዶኝ ነበር፤ ለማን እንደምሰጠው አላወቅሁም። የእሷ እውነት ነው።

እሁድ ጠዋት ዝናብ እያካፋ ነበር። አባቴ ከቅዳሴ ተመልሰው፣ ጋቢያቸውን እንዳጣፉ፣ የደረቀውን የቂጣ ቁራሽ በወረቀት ጠቅልለው ወደ ስብሰባው ሊወጡ ተነሱ። የሻረግ ቀድማ በሩ ላይ ቆመች። ሊያልፉ ሲሉ አላሳለፈቻቸውም።

«አባዬ፣ አይሂዱ። ቁሌቱን ያሳረርሁት እኔ ነኝ።»

አባቴ አልገባቸውም። «የምን ቁሌት? ቁሌትና እኔ ምን አገናኘን?»

«የበዓሉን። አሳረርሁትና ለመከታ ደፋሁለት። ድስት ሙሉ ሽንኩርት። ጋሽ ሞላ አይተውኛል እንጂ ምንም አላደረጉም።»

አባቴ ቂጣውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ ከማድቤቱ ጥግ የተኛውን ውሻ አዩ። በሩ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ በዝናቡ ውስጥ ቁጭ አሉ። ቁጣ ጠበቅን፤ አልመጣም።

«በእጄ እስከ ጉሮሮው ነበር የምሰድለት» አሉ ለብቻቸው።

ከዚያ ተነስተው ወጡ፤ ወደ ስብሰባው ሳይሆን ወደ ጎረቤት። እኔ ከካቡ ሥር ተጠጋሁ። ይህን ሳልሰማ ብቀር ኖሮ ራሴን ይቅር አልለውም ነበር።

«ሞላ!»

«ምነው? ሽማግሌ ይዘህ መጣህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ግባ እንዳልልህ ቤቴ መርዝ አለበት አሉ።»

«ተው ሞላ። ልጅቱን አይተሃት ነበር አሉ።»

«ምን ላይ?»

«አትቀልድ። ለምን አልተናገርህም? ስምህን ሰፈሩ ሁሉ ሲያነሳው እየሰማህ!»

ጋሽ ሞላ ሲያስሉ ሰማሁ። «ድስት ታቅፋ ስታለቅስ ነው ያየኋት። በበዓል ቀን ልጅ ስታለቅስ አይቼ፣ ቁሌት አሳረረች ብዬ ላውራባት? እኔ መች ሽንኩርት ውሻ ይገድላል ብዬ። ኋላ መርዝ አበላ ስትሉኝ ገባኝ፤ ብናገርስ? አስተኛዋለሁ ያልሁት እኔ። ታምነኝ ነበር?»

እኔ ከካቡ ወዲህ ሆኜ ጥያቄዋን ለራሴ አቀረብሁ፤ አላምናቸውም ነበር።

«ቂጣውስ?» አሉ አባቴ በመጨረሻ።

«ሲያቃስት እሰማዋለሁ። ከእናንተ የሚመጣውን ሁሉ እምቢ ሲል አያለሁ። ውሻ እንኳ ቢሆን ጾሙን አይደር ብዬ ነው። ገሳይን ቢበላብኝም።»

አባቴ በዚያን ቀን ስብሰባው ላይ ዘግይተው ደረሱ። የተናገሩትን ከሰዎች ሰምቻለሁ፤ አጭር ነው። የውሻው ነገር ጥፋቱ ከገዛ ቤቴ ነው፤ በሞላ ላይ ያወራሁትን እዚሁ አንስቻለሁ፤ ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ ብለው ተቀመጡ። ስለ ቁሌት አንድ ቃል አልወጣቸውም። በዘመን መለወጫው ቅርጫ ጋሽ ሞላ ከአባቴ ጎን ተቀምጠው በሉ፤ ጨጓራቸው ድኗል። እትዬ ዘነቡም በጊዜው ሽማግሌ ላኩ።

መከታ አልሞተም። መስከረም ሲጠባ እግሩ ጠና፤ ድዱ ቀስ በቀስ ቀላ፤ ጩኸቱም ተመለሰ። አንድ ነገር ግን አልተመለሰም። ከእጃችን መብላት ተወ። ምግቡን ስናቀርብለት ቆሞ ያሸታል፤ ቀና ብሎ ፊታችንን ያያል፤ እንደገና ያሸታል፤ ዞር እስክንልለት አይነካም። አባቴ ሲሰጡት ደግሞ ጭራሽ ራቅ ብሎ ይቆማል። ያ እጅ ያየበት ሁሉ ይሄድ የነበረ ጅል ውሻ ተጠራጣሪ ሆነ። ከካቡ ማዶ ቂጣ ሲወረወር ግን ሳያሸት፣ አየር ላይ ይቀልበው ነበር።

ይህን ለመጻፍ የሻረግን ፈቃድ ጠይቄያለሁ። እትዬ ዘነቡ ካረፉ ቆይተዋል። «ጻፈው» አለችኝ፤ «አሁንማ ሦስት ልጅ ወልጄለታለሁ፣ በቁሌት አይፈታኝም።» ባሏ ግን እስካሁን አያውቅም፤ ይህንን ካነበበ ያውቃል።

ባለፈው በዓል፣ በደሴ ቀልድ ከተሳቀ በኋላ፣ የሻረግ ከእሳቱ ጥግ ያለች ትንሽ ድስት ከፈተች። ውስጧ ቅመምም ሽንኩርትም የሌለበት ቅቅል ሥጋ ነበር፤ አጥንቱ የወጣ። በዓል በመጣ ቁጥር ከትልቁ ድስት በፊት የምትጥዳት እሷን ነው።

«መስጠት ከፈለግህ ከዚህ ስጠው» አለችው።

ደሴ ትከሻውን ሰብቆ አንድ ቁራጭ አነሳና ለውሻው ዘረጋለት። ውሻው ተነሳ፤ ወጣት ነው፤ ክፉ ነገር አግኝቶት አያውቅም። ዘሎ ከእጁ ላይ መነተፈው፤ አላሸተተም፤ የማንንም ፊት አላየም።

የሻረግ ይህንን ቆማ አየች። ከዚያ ወደ ትልቁ ድስት ተመልሳ ማማሰል ጀመረች፤ አንድ ጊዜም ዓይኗን ሳታነሳ።